የፊደል ዋሻ፤ ከኔትሃክ ጨዋታ ጋር ትውውቅ

በሲያትል ከተማ ሰሜናዊ ክፍል ኖርዝጌት በሚባለው ሰፈር፣ በ1950 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተከፈተው የገበያ ማዕከል አጠገብ፣ ቶርንተን ክሪክ የሚሉት ጅረት ለብዙ ዘመን ከመኪና ማቆሚያው አስፋልት በታች በቧንቧ ተቀብሮ ይፈስ ነበር። ገበያተኛው በላይ ሲመላለስ ከእግሩ በታች ወራጅ ውኃ መኖሩን አያስብም ነበር፤ በ2009 ግን ቦታው ተቆፍሮ ከውኃው ከፊሉ ወደ ብርሃን ወጣ፣ ዛሬም በድንጋይና በዕፀዋት መካከል ሲወርድ ይታያል። እኔም ከዚሁ ጅረት ሳልርቅ፣ በአንድ የዝናብ ማታ፣ የጎረቤቴ ልጅ የሆነ አንድ ወጣት በጥቁር የኮምፒዩተር ገጽ ላይ የተበተኑ ነጥቦችንና ፊደላትን እያየ ትንፋሹን ውጦ ሲቀመጥ ባየሁ ጊዜ፣ ከዚያ ደረቅ ገጽ በታችም ጥልቅ ነገር ሊፈስ ይችላል ብዬ አልገመትኩም ነበር።

ያ ጨዋታ ስሙ ኔትሃክ ይባላል። ሥዕል የለውም፣ ዜማ የለውም፤ 80 ፊደል በሚያህል ወርድና 24 መሥመር በሚያህል ቁመት ውስጥ፣ በፊደልና በምልክት ብቻ፣ ከ40 በላይ እርከን ያለው ዋሻ ይዘረጋል። ተጫዋቹ ከላይኛው እርከን ተነሥቶ በደረጃ እየወረደ፣ ከአራዊትና ከአጋንንት ጋር እየታገለ፣ ከመጨረሻው ጥልቀት የየንዶር ክታብ የሚባለውን ሀብት አግኝቶ፣ የወረደበትን ሁሉ መልሶ መውጣት አለበት።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የዘር ሐረግ ከእውነተኛ ዋሻ ይጀምራል። ዊል ክራውዘር የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ ከባለቤቱ ጋር በኬንታኪ ያለውን የማሞት ዋሻ ውስጥ ለውስጥ እየተመላለሰ ካርታ ያነሣ ነበር፤ ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ፣ በ1975 እና በ1976 ገደማ፣ ያንኑ ዋሻ በቃላት ብቻ እየገለጸ ለሁለት ሴት ልጆቹ መጫወቻ አድርጎ ጻፈላቸው። በ1977 ዶን ዉድስ የተባለ የስታንፎርድ ሰው አስፋፋው፤ በ1979 ደግሞ፣ ከአልበከርኪ ተነሥቶ ከሲያትል ማዶ፣ ከዋሽንግተን ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በቤልቪው የሰፈረው ማይክሮሶፍት፣ ጎርደን ሌትዊን ያዘጋጀውን ቅጂ «ማይክሮሶፍት አድቬንቸር» ብሎ ለግል ኮምፒዩተሮች አወጣው። ስለዚህ ይህ ነገር ለእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ ከሐይቁ ማዶ በኩል ያለፈ ነው።

ነገር ግን የክራውዘር ዋሻ አንድ ጊዜ የተጻፈ፣ የማይለወጥ ዋሻ ነበር፤ መንገዱን አንድ ቀን ያጠና ሰው ለዘላለም ያውቀዋል። በ1980 ገደማ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የተባሉ የካሊፎርኒያ ተማሪዎች «ሮግ» የተባለውን ጨዋታ ሲሠሩ ይህን ሥርዓት ለወጡት፤ ዋሻው በተጀመረ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ራሱ ዕጣ እየጣለ ክፍሉንና መተላለፊያውን፣ አውሬውንና ሀብቱን እንደ አዲስ እንዲደለድል አደረጉ። ከሮግ «ሃክ» ተወለደ፣ ከሃክም በ1987 ኔትሃክ፤ ከዚያ ወዲህ ፈቃደኛ ሊቃውንት ያለ ደመወዝ ሲያሻሽሉት ኖረዋል፣ የተጻፈበትም ምንጭ ለማንም ክፍት ነው።

ጀማሪው እንግዲህ ከምን ይነሣ? እንደ ማናቸውም ተማሪ ከፊደል ቆጠራ። በኢሜይል አድራሻ መካከል የሚገባው አት የሚሉት ምልክት ራሱ ተጫዋቹ ነው፤ ነጥብ ወለል ነው፤ የመቶኛ ምልክት ምግብ ነው፤ ትእምርተ ጥያቄ የተጠቀለለ ብራና ነው፤ ትእምርተ አንክሮ በብልቃጥ ያለ መጠጥ ነው፤ የላቲን ፊደላት ደግሞ አራዊቱ ናቸው፣ ዲ ከሆነ የውሻና የተኩላ ወገን፣ ኤፍ ከሆነ የድመት ወገን ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን መጠየቂያው ነው፤ በእንግሊዝኛው ሥርዓት ድርብ ሰረዝ የሚሆነውን ምልክት ተጭኖ ጠቋሚውን በማያውቀው ነገር ላይ ቢያሳርፍ፣ ኮምፒዩተሩ ያ ነገር ምን እንደ ሆነ በቃል ይነግረዋል። ፊደሉን በእንጨት ስንጥር እየነካ «ይህ ማነው?» እያለ የሚጠይቀውን የኔታን ለሚያስታውስ ሰው ይህ እንግዳ ሥርዓት አይሆንበትም፤ የሚለየው ጠያቂው ተማሪው መሆኑ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ከ13ቱ የሙያ ዓይነቶች አንዱን መምረጥ ይሆናል። ለጀማሪ ቫልኪሪ የምትባለው ሴት ተዋጊ ትሻላለች፣ ሰውነቷ ብርቱ፣ ብርድ የማይጎዳት ናትና። ከጎኗ ትንሽ ውሻ ወይም ድመት ትከተላታለች፤ ይህችም እንስሳ ለጌጥ አልተሰጠችም፣ እርግማን ያደረበትን ዕቃ ለመርገጥ ስለምታመነታ፣ መሬት ላይ የወደቀውን ሰይፍ ወይም ጥሩር ከማንሣቱ በፊት የእንስሳዋን እግር መመልከት ለጀማሪው ታላቅ ምክር ነው። ረኃብም አለ፤ የተገደለውን አውሬ ወዲያው ቢበሉት ያጠግባል፣ ከ50 ተራ በላይ የቆየውን ቢበሉት ግን ሊመርዝ ይችላል። ጸሎትም አለ፤ የሕይወት ነጥቧ ከሙሉው ከ7 አንድ እጅ በታች ሲወርድ ወይም በረኃብ ስትዝል ብትጸልይ ትድናለች፣ ነገር ግን ከመጀመሪያዎቹ 300 ተራዎች በፊት፣ ኋላም ወደ 1000 የሚጠጋ ተራ ሳያልፍ ደጋግሞ መጸለይ ቁጣን ያመጣል።

ያን ማታ ወጣቱ ቦታውን ለቀቀልኝና እኔም ጀመርሁ። በሁለት እርከን ያለ ችግር ወረድሁ፤ በሦስተኛው ግን በአንድ ክፍል መካከል ሰማያዊ ቀለም ያላት የኢ ፊደል ቆማ አገኘሁ። አትነክሰኝም፣ ወደ እኔም አትራመድም። ያለ ጥበቃ የተተወች ሲሳይ መስላኝ ሰይፌን አነሣሁባት።

«ጋሼ፣ አይንኳት!» አለ ልጁ፤ ጣቴ ግን ቀድሞት ነበር።

ተንሳፋፊ ዓይን ትባላለች። እርሷ ማንንም አትመታም፤ እያያት በእጁ የመታትን ግን በአተያይዋ አደንዝዛ ብዙ ተራ ታቆመዋለች። እኔም ደርቄ እንደ ቆምሁ አንድ ቀበሮ በመተላለፊያው መጣ፣ ኋላም ሌላ፤ የሕይወት ነጥቤ ከገጹ ግርጌ ሲቀንስ እያየሁ ምንም ለማድረግ አልቻልሁም። በመጨረሻ በፊደል የተሣለ የመቃብር ድንጋይ ወጣ፣ በላዩም ስሜ፣ የያዝሁት ወርቅና የገደለኝ አውሬ ተጽፎ ነበር።

«መልሰህ አስነሣኝ» አልሁት።

«አይቻልም፣ ጋሼ» አለኝ። «የሞተ ሞቷል። እንደገና ከላይ ይጀምራሉ።»

የዚህ ጨዋታ ዐቢይ ሕጉ ይህ ነው። በብዙዎቹ ሌሎች ጨዋታዎች ዘንድ ተጫዋቹ ቢሳሳት ወደ ትናንቱ ይመለሳል፤ በኔትሃክ ግን ሰይፉ፣ ወርቁ፣ ማዕረጉ፣ ካርታው ሁሉ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፣ የሚቀጥለውም ዋሻ ሌላ ዋሻ ነው። ከሞት አልፎ ወደ ሁለተኛው ሕይወት የሚሻገር አንድ ነገር ብቻ አለ፣ እርሱም ተጫዋቹ የተማረው ነው። የቆሎ ተማሪ ከደብር ወደ ደብር ሲሻገር አኩፋዳውን ውሻ ቢቀድበት፣ ደበሎውን ወንዝ ቢወስድበት፣ በልቡ ያደረውን ድጓ ግን የሚወስድበት እንደሌለ ሁሉ፣ የዚህም ዋሻ ሀብት በራስ ውስጥ የሚሸከሙት ነው። ስለዚህ ጀማሪው በቶሎ መሞቱን እንደ ውርደት እንዳይቈጥረው እመክራለሁ፤ መቃብሩን ባየ ጊዜ ሊጠይቅ የሚገባው «ምን ገደለኝ?» ብሎ ብቻ ነው፣ መልሱ ትምህርቱ ነውና።

በጥልቀቱ ያሉት ነገሮች ለአበሻ አንባቢ ፈጽሞ ባዕድ አለመሆናቸውም ይገርማል። የታችኛው ክፍል ስም ከእኛው ገሃነም ጋር ከአንድ የዕብራይስጥ ሥር የወጣ ነው፤ ክታቡን ሰርቆ በዚያ የደበቀው በኦሪት የተወገዘው ሞሎክ ነው። አውሬ ሲከብበው ተጫዋቹ በጣቱ አፈር ላይ «ኤልበሬት» ብሎ ቢጽፍ፣ ቃሉ ከደራሲው ከቶልኪን መጽሐፍ የተወሰደ የእመቤት ስም ሲሆን፣ ከሰው ወገንና ከሚኖታውር በቀር አብዛኞቹ ጠላቶች ይሸሻሉ፤ በጽሑፉ ላይ ቆሞ ሰይፍ ከሰነዘረ ግን ጽሑፉ ይጠፋል። አባቶቻችን በሱስንዮስ ስም ወርዝልያን ለማራቅ በብራና ያስጻፉትን ክታብ ለሚያውቅ ሰው፣ የተጻፈ ስም ክፉን ያስፈራል የሚለው ሐሳብ ከወዴት እንደሚመጣ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ከዚህ ጋር አንድ ምኞት አለኝ። የሮግ ሠሪዎች በ26 የላቲን ፊደላት 26 ዓይነት አውሬ አቆሙ፤ የእኛ ገበታ ግን 33ቱን ፊደላት በሰባት ቤት አባዝቶ 231 ምልክት ያወጣል፣ ዩኒኮድም በ1999 ፊደላችንን ከተቀበለ ወዲህ በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ ሊቆም ይችላል። አንድ አውሬ በግዕዙ ግልገል፣ በራብዑ ጎልማሳ፣ በሳብዑ አውራ ቢሆን፣ እርከኖቹም የሶፍ ዑመርን ዋሻ ቢመስሉ፣ በባዕድ አገር ያደገ ልጅ ፊደሉን ሕይወቱን ለማትረፍ ሲል ያጠናው ነበር፤ ነፍስ የተያዘበት ትምህርት ደግሞ አይረሳም።

በማግሥቱ ማታ ተመልሼ እንደ አዲስ ጀመርሁ። ዋሻው የትናንቱ አልነበረም፤ ክፍሎቹ ተለውጠዋል፣ ደረጃው ሌላ ቦታ ነው። በአራተኛው እርከን ግን ሰማያዊዋ ፊደል በአንድ ክፍል መካከል ቆማ ነበር። ልጁ ከጎኔ ሆኖ አንዳች አልተናገረም። እኔም ድርብ ሰረዙን ተጭኜ ማንነቷን ጠየቅሁ፣ ስሟን አነበብሁ፣ ሰይፌን በሰገባው እንዳለ ትቼ በግድግዳው በኩል ዞርሁና ወደ ደረጃው አለፍሁ።