ከብረት ሠሪ ቤት እስከ ቤተ መንግሥት

ሕዝብ መሪውን በድምፁ በሚመርጥበት አገር ማንም ሰው ወደ ከፍተኛ ሥልጣን ሊደርስ ይችላል ይባላል። ነገር ግን ድኻው ድምፁን የሚሰጠው ባለጸጋው ላቀረበለት ሰው ብቻ የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ታዲያ ከትልልቅ ባለርስቶች ወገን ያልሆነ ሰው ወደ ላይ የሚወጣው እንዴት ነው? ከወጣስ በኋላ ምን ያህል ሊሠራ ይችላል? ለዚህ ጥያቄ የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት የነበሩት የራሞን ማግሳይሳይ ታሪክ ጥሩ ምስክር ስለ ሆነ፣ አንባቢዎች በትዕግሥት እንዲከታተሉኝ እለምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፊሊፒንስ ከ7,000 በላይ ደሴቶች ያሉባት የእስያ አገር ስትሆን፣ ከ300 ዓመት በላይ በእስፓኝ፣ ከዚያም በአሜሪካ ተገዝታ በ1946 ነጻነቷን አገኘች። በዚያን ጊዜ ለም የሆነው መሬት አብዛኛው በጥቂት ቤተ ሰቦች እጅ ነበር። ጭሰኛው ከሚያመርተው ሩዝ እኩሌታውን ያህል ለባለርስቱ ይሰጣል፤ የቀረው ስለማይበቃው ይበደራል፤ ብድሩም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በምክር ቤት የሚቀመጡትም እነዚሁ ባለርስቶች ወይም ወዳጆቻቸው ነበሩ። ከ1935 ጀምሮ አገሪቱን የመሩት ፕሬዚዳንቶች ሁሉ የሕግ ትምህርት የተማሩ ጠበቆች ነበሩ።

ማግሳይሳይ በነሐሴ 1907 በሉዞን ደሴት በዛምባሌስ አውራጃ ተወለዱ። እናታቸው አስተማሪ ነበሩ። አባታቸው የአናጢነት ሥራ መምህር ሲሆኑ፣ የትምህርት ሹሙን ልጅ ያለ ችሎታው ፈተና አላሳልፍም በማለታቸው ከሥራቸው እንደ ተባረሩ ይነገራል። ከዚያ በኋላ የብረትና የእንጨት ሥራ ቤት ከፍተው ልጆቻቸውን አሳደጉ። እንግዲህ ቤተ ሰቡ አንዳንዶች እንደሚሉት ፍጹም ድኻ ባይሆንም፣ ከገዢዎቹ ወገን አልነበረም። ልጁም የምሕንድስና ትምህርት ጀምረው ሳይፈጽሙ ቀሩ፤ በኋላም በሆሴ ሪዛል ኮሌጅ ንግድ ተምረው በአንድ የአውቶቡስ ኩባንያ በመካኒክነት ተቀጠሩና እስከ ሥራ አስኪያጅነት ደረሱ።

ሕይወታቸውን የለወጠው ጦርነት ነው። ጃፓን አገሪቱን በያዘች ጊዜ ማግሳይሳይ በዛምባሌስ ተራራ አርበኛ ሆነው ተዋጉ። በ1945 የአሜሪካ ጦር በዚያ ጠረፍ ሲወርድ አርበኞቹ ስፍራውን አጽድተው ስለ ጠበቁት ያለ ውጊያ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ማግሳይሳይ የአርበኞች ጓደኞቻቸው ደግፈዋቸው የምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ።

በዚያው ዘመን «ሁክ» የሚባሉት፣ ቀድሞ ጃፓንን የወጉ ገበሬዎች፣ በኮሚኒስቶች መሪነት በመንግሥት ላይ ዐምፀው ነበር። ፕሬዚዳንት ኪሪኖ በ1950 ማግሳይሳይን የመከላከያ ሚኒስትር አድርገው ሾሙ። ማግሳይሳይ ገበሬው ከሁክ ይልቅ የሚፈራው ወታደሩን መሆኑን ስለ ተረዱ፣ ሥራቸውን የጀመሩት ሠራዊቱን በማረም ነው። ወታደሩ የገበሬውን ዶሮ እንዳይቀማ የቀን ቀለቡን ከ30 ሴንታቮ ወደ 1 ፔሶ ከፍ አደረጉለት። ሳይታሰብ ወደ ጦር ሰፈር እየሄዱ ሰነፉን መኰንን ይሽሩ ነበር። ማንም ገበሬ በ10 ሴንታቮ ቴሌግራም አቤቱታውን በቀጥታ ለሚኒስትሩ እንዲልክ ተፈቀደለት። እጃቸውን ለሰጡ ዐማፅያንም በሚንዳናው ደሴት መሬት ተሰጠ፤ መሬት ያገኙት ጥቂቶች ቢሆኑም ወሬው ብዙዎችን አሳመነ።

የ1949 ምርጫ ሙታን ሳይቀሩ መረጡ እየተባለ የሚቀለድበት ነበር። ማግሳይሳይ ግን በ1951 ምርጫ ወታደሮችንና የወታደርነት ትምህርት የሚማሩ የኮሌጅ ተማሪዎችን የምርጫ ሣጥን እንዲጠብቁ አሰማሩ። ውጤቱም የገዛ ወገናቸው የሊበራል ፓርቲ መሸነፍ ሆነ። በዚያው ጊዜ በኔግሮስ ደሴት ሞይሴስ ፓዲላ የሚባል ሰው ለከንቲባነት በመወዳደሩ ተሠቃይቶ ሲገደል፣ ሚኒስትሩ ራሳቸው ሄደው ሬሳውን ተሸከሙ። ከዚህ በኋላ ስማቸውን የማያውቅ መንደር አልነበረም።

በ1953 ከሚኒስትርነት ለቀው፣ በተቃዋሚው በናሲዮናሊስታ ፓርቲ ስም ከሾሟቸው ከኪሪኖ ጋር ተወዳደሩ። ከመንደር መንደር እየተዘዋወሩ የገበሬውን እጅ ጨበጡ፤ ከመቶ 68 የሚበልጠውንም ድምፅ አገኙ። እውነቱን ለመናገር ግን ያሸነፉት በሕዝቡ ፍቅር ብቻ አይደለም። ኮሚኒዝምን የምትፈራው አሜሪካ በገንዘብና በምክር ረድታቸዋለች፤ ከባለርስቶቹም መካከል የደገፏቸው ነበሩ።

ለቃለ መሐላ የአውሮፓ ልብስ ትተው «ባሮንግ» የሚባለውን የአገራቸውን ሸሚዝ ለብሰው ቀረቡ። የማላካንያንግ ቤተ መንግሥትም ለሕዝብ ተከፈተ፤ ባዶ እግሩን የመጣ ገበሬ ሳይቀር ገባበት። አቤቱታ የሚሰማ መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ። በ1954 የሁክ መሪ ሉዊስ ታሩክ እጁን ሰጠ።

ፈተናው የመጣው በመሬት ነገር ነው። ፕሬዚዳንቱ የመሬት ማሻሻያ ሕግ ሲያቀርቡ፣ ሕጉን የሚያጸድቁት ባለርስቶቹ ነበሩ። በ1955 የወጣው ሕግ መንግሥት የአንድን ሰው የሩዝ መሬት አስገድዶ የሚገዛው ተያይዞ ከ300 ሔክታር በላይ የሆነውን ብቻ እንዲሆን ወሰነ፤ ይህም በእኛ ልክ ከሰባት ጋሻ ይበልጣል። ስለዚህ ብዙው ጭሰኛ ጭሰኛ እንደ ሆነ ቀረ። ፕሬዚዳንቱም ዘመናቸውን ሳይጨርሱ መጋቢት 17 ቀን 1957 አይሮፕላናቸው በሴቡ ደሴት ከማኑንጋል ተራራ ጋር ተጋጭቶ ሞቱ። ከ26 ተሳፋሪዎች የተረፈው አንድ ጋዜጠኛ ብቻ ነበር። ከእርሳቸው በኋላ በ1963፣ በ1972 እና በ1988 ሌላ የመሬት ሕግ ማውጣት ማስፈለጉ፣ ነገሩ ሳይፈጸም መቅረቱን ያስረዳል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከታች የመጣ ሰው የሕዝቡን አቤቱታ ከልቡ ቢሰማና የምርጫውን ሣጥን ከሌባ ቢጠብቅ፣ የባለጸጎች ስም ሳይኖረው ሊመረጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ መሪው መልካም ሰው ቢሆንም ሕጉን የሚያወጡት ሰዎች ካልተለወጡ ሥራው በግማሽ ይቀራል። የፊሊፒንስ ገበሬ ማግሳይሳይን በመረጠበት ዓመት፣ ለምክር ቤት የላከው ያንኑ የቀድሞ ባለርስቱን ነበር። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ እኛም ነገ የመምረጥ ተራ ሲደርሰን ከላይ የሚቀመጠውን አንዱን ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ሕግ የሚያወጡትንም እነማን እንደ ሆኑ መርምረን እንምረጥ።