የወተት ላሞች በረት እጣቢ ለመኖ ሣር ልማት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙት ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላማ አካባቢዎች በሽንኩርትና በማሾ ምርት እንዲሁም በመስኖ ልማት ይታወቃሉ። ወንዞቻቸው የአዋሽ ተፋሰስ አካል በመሆናቸው፣ ከወተት ላሞች በረት ታጥቦ የሚወጣ ፍሳሽ አወጋገድ ከበረቱ ባለቤት አልፎ በታችኛው ተፋሰስ ያለውን ተጠቃሚ ይነካል።

የወተት ላም ከምትመገበው ናይትሮጅን ወተት ሆኖ የሚወጣው ሩብ ያህሉ ሲሆን፣ ቀሪው በአብዛኛው በሽንትና በእበት ይወገዳል። እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። አብዛኛውን ፖታስየም የያዘው ሽንት ግን ከእጥበት ውኃ ጋር ወደ ቦይ ይፈሳል፤ በውጭ ምንዛሪ ማዳበሪያ ለምታስገባ አገር ይህ ቀላል ብክነት አይደለም።

እጣቢው ምን ያህል ማዳበሪያ እንደሚይዝ በቀላሉ ማስላት ይቻላል። በአንድ ሊትር 1 ግራም ናይትሮጅን ቢኖረው፣ 46 ሜትር ኩብ እጣቢ በ1 ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለውን ያህል ናይትሮጅን ይይዛል። ይሁንና ከፊሉ ለሣሩ የሚደርሰው ቀስ በቀስ ከበሰበሰ በኋላ ነው። ይዘቱም እንደ ውኃው ብዛት ስለሚለያይ በላቦራቶሪ ማስመርመር ይገባል።

እንደ ዝሆኔ ያሉ የመኖ ሣሮች በተደጋጋሚ ስለሚታጨዱ ንጥረ ነገሩን ከማሳው ያነሳሉ። በጥሬው ለሚበላ አትክልት ግን ያልታከመ እጣቢ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ስለሚያደርስ አይመከርም። የቆላው ሙቀትም የራሱ ችግር አለው፤ በቀትር ፀሐይ የፈሰሰ እጣቢ ናይትሮጅኑ በአሞንያ መልክ ስለሚተን ማምሻ ላይ ማጠጣት ይመረጣል።

ሣሩ ከሚወስደው በላይ ሲፈስ ናይትሮጅኑ ናይትሬት ሆኖ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ ማለፉ በተለይ ጡጦ የሚጠቡ ሕፃናትን ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅም ያዳክማል። ናይትሬት የበዛበት ሣር ራሷን ላሟንም ሊመርዝ ይችላል። ጨውም በአፈሩ ውስጥ ይከማቻል።

በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተትን በስፋት ማምረትን ያለመ እንደመሆኑ፣ ላም በጨመረ ቁጥር እጣቢውም ይጨምራል። ስለሆነም የበረት ፈቃድ የሚሰጡ ጽሕፈት ቤቶች ከላሞቹ ቁጥር ጋር የሣር ማሳውን ስፋት ቢጠይቁ ተገቢ ይሆናል። ክረምት ላይ በጎርፍ እንዳይወሰድ የማይሰርግ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ ጉድጓዱም ከመጠጥ ውኃና ከወንዝ ዳር መራቅ አለበት።