ሁለት ቀን የጎደለው ባለቅኔ

አንባቢ ሆይ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1794 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ፣ ሴን ላዛር በተባለው ወህኒ ቤት፣ አንድሬ ሼንዬ የሚባል የ31 ዓመት ባለቅኔ ታስሮ ነበር። የፈረንሳይን አብዮት በመጀመሪያ ደግፎ፣ ግፉ ሲበዛ ግን በጋዜጣ የነቀፈ ሰው ነው። ግጥሙን በቀጫጭን ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል እየጻፈ፣ ለእጥበት በሚወጣው ልብሱ ውስጥ ሸሽጎ ለአባቱ ይልክ ነበር። እድፍ ልብስ ማን አገላብጦ ያያል!

ጁላይ 25 ቀን በጊሎቲን አንገቱ ተቆረጠ። ያን ሁሉ ሰው ካስፈጁት ዋነኛው፣ ሮብስፒየር፣ የወደቀው በ27 ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው፣ «ምነው ሁለት ቀን በዘገየ!» ይላሉ።

ሼንዬ በሕይወቱ ሳለ የታተሙለት ግጥሞች ሁለት ብቻ ነበሩ። ሥራዎቹ ተሰብስበው በመጽሐፍ የወጡት በ1819፣ ከ25 ዓመት በኋላ ነው።