የሞተር ብስክሌት ዕድሜ በኪሎ ሜትር ብቻ አይቆጠርም

ታናሽ ወንድሜ ዲላ ከተማ ውስጥ በሞተር ብስክሌት ሰው እያመላለሰ ነው የሚኖረው። ባለፈው ዓመት አንድ ማታ እዚህ ጀርመን ሆኜ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ደረሰኝ፦ «ጋሼ፣ ሞተሩ ተጣብቆ ቀረ። መካኒኩ ወርዶ ካልተሠራ አይሆንም አለ።» የማሠሪያውን ገንዘብ ላክሁ። እሱ ግን 11 ቀን ያለ ሥራ ተቀመጠ። ሁለተኛ እንዳይደገም ምክንያቱን ለማወቅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳ ጠየቅሁት። መልስ አልነበረውም፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ ከተበጠሰ ቆይቷል።

ለመሆኑ ሞተሩ ስንት ኪሎ ሜትር ሊቆይ ይገባ ነበር? በደንብ የተያዘ ትንሽ ሞተር 50,000 ኪሎ ሜትር ሊሻገር ይችላል። ለረጅም ጉዞ የተሠሩት ትልልቆቹ ከ100,000 በላይ ይሄዳሉ። ያልተያዘ ግን ገና በአዲስነቱ ሊሞት ይችላል።

እስቲ አብረን እናስላ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ቢዞር፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 1,500 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ትንሽ ሞተር ብስክሌት በደቂቃ 6,000 ጊዜ ቢዞር ግን፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 6,000 ጊዜ ይዞራል። አራት እጥፍ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ፒስተኑ ወጥቶ ይወርዳል፣ ፋሻውም የሲሊንደሩን ግድግዳ ይፍቃል። በዚያ ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ሞተሩ ካልጠፋ ይዞራል፤ ኪሎ ሜትሩ ግን አይጨምርም። ጄኔሬተርና ትራክተር በሰዓት የሚቆጠሩት ለዚህ ነው።

መካኒኩ ሞተሩን ሲከፍተው ዘይቱ ጎድሎ ጠቁሯል። የአየር ፊልትሮው የለም፤ «ጉልበት ይጨምራል» ተብሎ ወንድሜ ራሱ አውጥቶታል። ሲሊንደሩ በአቧራ ተቧጭሯል። ከዚህ የተማርናቸው ልማዶች እነዚህ ናቸው።

ዘይት፦ በአብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች አንዱ ዘይት ሞተሩንም፣ ካምቢዮውንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል። ትንሽ ሞተር የሚይዘው ደግሞ አንድ ሊትር አካባቢ ብቻ ስለሆነ ጥቂት ሲጎድል ብዙ ነው። ጠዋት ጠዋት መጠኑን ማየት ያስፈልጋል። አንዳንድ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚለውን ምልክት ፈልጉ።

አየር፦ የኮረኮንች መንገድ አቧራ ውስጡ አሸዋ ነው። ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። ፊልትሮው ይጸዳል፣ ሲያረጅ ይቀየራል እንጂ አይወጣም።

አነዳድ፦ ሞተሩ እንደተነሳ ዘይቱ ሁሉም ቦታ በደንብ አልደረሰም፤ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በዝግታ ንዱ። ዳገት ላይ በትልቅ ማርሽ አታስጨንቁት፣ ቀንሱለት። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቆሞ ንፋስ ስለማያገኝ ረጅም ጥበቃ ካለ አጥፉት።

ቀሪው ጥያቄ ቆጣሪ በሌለበት ዘይት መቀየሪያውን እንዴት እናውቃለን የሚል ነበር። መልሱ ነዳጁ ውስጥ ነው። ቆሞ ሲዞርም፣ ዳገት ሲወጣም ነዳጅ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ከኪሎ ሜትር ይልቅ ለድካሙ ይቀርባል። የወንድሜ ሞተር በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለን ገመትን። ዘይቱ በ2,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ካልን፣ 50 ሊትር ሲሞላ ቀኑ ደረሰ ማለት ነው። እናንተ የአምራቹን መመሪያ ቁጥር ተጠቀሙ፤ አቧራና ጭነት ካለ ቀንሱት።

በፓይተን ትንሽ የቴሌግራም ቦት ጻፍሁለት። ነዳጅ በሞላ ቁጥር መጠኑን ይልካል፣ ቦቱ ይደምራል፣ 50 ሲደርስ «ዘይት ቀይር» ይለዋል። በመጀመሪያው ቀን ተበላሸ። እኔ የጠበቅሁት «2» የሚል አኃዝ ሲሆን፣ እሱ «ሁለት ሃይላንድ» ብሎ ላከ። ነዳጅ ማደያው ባዶ ሲሆን ከመንገድ ዳር በውኃ ጠርሙስ ነዋ የሚገዛው! የአማርኛ የቁጥር ቃላትን ከነ«ግማሽ» ጨመርሁ፣ «ሃይላንድ»ንም የጠርሙሱን መጠን ጠይቄ መለኪያ አደረግሁት።

ቦቱ እስካሁን አራት ጊዜ «ዘይት ቀይር» ብሎታል፤ አራቱንም ቀይሯል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሁለት ጓደኞቹን ሞተር እንድመዘግብለት ጠየቀኝ። የቆጣሪያቸው ገመድ እነሱም ጋ ተበጥሷል።