ከታወር ኪራይ በፊት የጎረቤት ፈቃድ

የሀዋሳ ደላላ ድሮ የሚያገናኘው ሱቅ፣ መጋዘንና መኖሪያ ቤት ነበር። አሁን ግን ባዶ ሆኖ የኖረው የፎቅ አናትም ዋጋ አውጥቷል። የሞባይል አንቴና የሚሸከም ጣሪያ ወይም ታወር የሚተከልበት ጥግ ያለው ባለንብረት፣ ዕቃ ሳይሸጥ ኪራይ ያገኛል። ለመሆኑ ይህ ገቢ የሚያስከትለውን ወጪ ያሰላ ስንቱ ነው?

እንደሚታወቀው ሞባይል ስልክ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ገበያው ለረጅም ዓመታት በአንድ መንግሥታዊ ድርጅት እጅ ቆየ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ቡድን 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ለመውሰድ ተመረጠ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ጀምሮ ሥራውን ቀጠለ። ተፎካካሪ መጣ ማለት ሌላ አንቴና፣ ሌላ የቦታ ፍለጋ፣ ሌላ የኪራይ ውል መጣ ማለት ነው።

ነጋዴውም ያለ ኔትወርክ መሥራት አይችልም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከገቡ ወዲህ ኔትወርክ ሲጠፋ ሒሳብ መቀበያውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ «ታወር አይተከል» የሚል ክርክር አያዋጣም። የሚያዋጣው ክርክር «የት ይተከል? ማንስ ተጠይቆ?» የሚለው ነው።

ሱቅና መኖሪያ ቤት አጥር በሚጋሩበት እንደ ባህል አዳራሽ ባለ የሀዋሳ ክፍለ ከተማ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ኪራዩ ወደ አንድ ሰው ኪስ ይገባል፤ የጄኔሬተሩ ድምፅና ጭስ ግን አጥር ዘልሎ ከጎረቤት ቤት ይደርሳል። የብረቱ ክብደትም ቀላል ነገር አይደለም። ሀዋሳ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በጥር 2008 ዓ.ም. የደረሰባትን የመሬት መንቀጥቀጥ ነዋሪው አልረሳውም። ለሁለት ፎቅ ተሰልቶ የተሠራ ሕንፃ አናቱ ላይ ሌላ ጭነት ከመሸከሙ በፊት መሐንዲስ ሊያየው ይገባል።

ዋናው ስጋት ግን ጨረሩ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱም ጽንፎች ያሳስታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2003 ዓ.ም. የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። ይህ ምድብ ማስረጃው ውሱን መሆኑን የሚያሳይ እንጂ ጉዳቱ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽንም ለሕዝብ የሚፈቀደውን መጠን በ900 ሜጋኸርዝ ላይ በካሬ ሜትር 4.5 ዋት፣ በ1800 ሜጋኸርዝ ላይ ደግሞ 9 ዋት አድርጎ ወስኗል። የአንቴና ዋናው ጨረር ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ በቀጥታ ወደ ታች አይወርድም፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆንም ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። በሌላ በኩል ታወሩን ከከተማ ማራቅ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ኔትወርክ ሲደክም በኪስ ያለው ስልክ ራሱ ኃይሉን ይጨምራል፤ በ2ጂ እስከ 2 ዋት ሊደርስ ይችላል። ችግሩ ይህንን ቁጭ ብሎ ለጎረቤት የሚያስረዳ መጥፋቱ ላይ ነው። ያልተነገረው ሰው የሰማውን ወሬ ያምናል።

ሌሎች በዚህ መንገድ አልፈዋል። በእንግሊዝ አገር በሰር ዊልያም ስቱዋርት የተመራ የባለሙያዎች ቡድን በ1992 ዓ.ም. ሪፖርቱን ካወጣ በኋላ፣ የሞባይል ኩባንያዎቹ በማግስቱ ዓመት አሥር ነጥቦች ያሉት ቃል ገቡ። ከእነዚህም መካከል ከአካባቢው ሕዝብ ጋር አስቀድሞ መመካከርና ታወር መጋራት ይገኙበታል። ኩባንያዎቹ ይህን ያደረጉት ለጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ ተቃውሞ ሥራ ያጓትታል፣ የተጓተተ ሥራም ገንዘብ ይበላል።

በእኛም አገር መንገዱ አልተዘጋም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የመሠረተ ልማት መጋራትን የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል። አንድ ታወር የሁለቱንም ኩባንያዎች አንቴና ከተሸከመ ሰፈሩ ከሁለተኛው ብረት ይድናል።

ታዲያ ውል ሊፈርም የተዘጋጀ ባለንብረትና ኮሚሽን የሚጠብቅ ደላላ ምን ያድርጉ? አንደኛ፣ የሕንፃው አቅም በመሐንዲስ ይረጋገጥ፤ የግንባታ ፈቃዱም አስቀድሞ ይያዝ። ሁለተኛ፣ ጄኔሬተሩ የት እንደሚቀመጥ፣ ለጉዳት ማን እንደሚከፍልና ውሉ ሲያበቃ ብረቱን ማን እንደሚያነሳ በጽሑፍ ይስፈር። ሦስተኛ፣ ከተተከለ በኋላ የጨረሩ መጠን ተለክቶ ውጤቱ ለሰፈሩ እንዲገለጽ ውሉ ያስገድድ። አራተኛውና ዋናው፣ ብረቱ ከመምጣቱ በፊት በእድሩ ወይም በቀበሌው በኩል ጎረቤት ይጠራ፤ ኩባንያውም ባለሙያውን ይዞ መጥቶ ይጠየቅ። ከትምህርት ቤት ወይም ከጤና ጣቢያ አጠገብ ከሆነ ደግሞ የእነሱ ኃላፊዎች ቀድመው ይስሙ።

ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት ስብሰባና የጥቂት ቀናት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሳይጠየቅ የቀረ ጎረቤት ግን አቤቱታ ይዞ ይመጣል፤ ሥራው ይቆማል፤ ኪራዩም ይቆማል። ኩባንያው ሌላ ጣሪያ ፈልጎ ይሄዳል። ባለንብረቱ ግን ከሰፈሩ አይሄድም፤ ለቅሶውም ሠርጉም ከእነዚያው ጎረቤቶች ጋር ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው።