«ማሽኑ ካየው መርፌው ይቀራል?»

ጥቅምት ላይ እናቴን ለወገቧ ምርመራ ወደ አንድ የግል ማዕከል ይዣት ሄጄ ነበር። ተራ ስንጠብቅ ከጎኔ የተቀመጡት ሴት ቡናማ ፖስታ ነጠላቸው ሥር ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል። ጡታቸው ላይ እብጠት ወጥቶባቸዋል። አልትራሳውንድ ከታዩ በኋላ ሐኪሙ ከእብጠቱ ናሙና የሚወስድ መርፌ (ባዮፕሲ) ቢያዝላቸው፣ ሌላ ክሊኒክ ሄደው ኤምአርአይ አስጽፈው መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ማሽን ካየው መርፌው ይቀራል አይደል? ካንሰር ብረት ከነካው ይቆጣል ይላሉ። የዕቁቤን ብር ነው ይዤ የመጣሁት» አሉኝ። የምመልስላቸው አጣሁ።

ጥያቄው አልለቀቀኝም። ለካ ተስፋቸው የማሽኑን ያህል ዕድሜ አለው። በ1971 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ሐኪም ሬይመንድ ዳማዲያን፣ ከአይጥ የወጣ ዕጢ በማግኔት ውስጥ የሚሰጠው ምልክት ከጤነኛ ሥጋ እንደሚለይ አሳየ። ጡት ላይ ግን ምልክቱ ብቻውን አልበቃም፤ ካንሰሩና ካንሰር ያልሆነው እብጠት ይመሳሰሉ ነበር። በዚያው ዓመት ጁዳ ፎክማን ዕጢ የሚያድገው አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ እየሳበ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። መንገዱን የከፈተው ይህ የደም ሥር ነገር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ጀርመናዊቷ ሲልቪያ ሃይዋንግ ጋዶሊኒየም የተባለውን መድኃኒት በክንድ ደም ሥር እየሰጡ ጡትን በኤምአርአይ ማየት ጀመሩ። የካንሰር ደም ሥር የሚያፈስ ስለሆነ መድኃኒቱ ፈጥኖ ይገባል፣ ፈጥኖም ይወጣል።

ክርስቲያኔ ኩልና ባልደረቦቻቸው በ1999 ይህን በ266 እብጠቶች ላይ ፈተኑት። ካንሰር ካልሆኑት 83 በመቶው መድኃኒቱን ቀስ እያሉ ብቻ ወሰዱ፤ ከካንሰሮቹ 57 በመቶው ፈጥነው ወስደው ፈጥነው ለቀቁ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። ከ101 ካንሰሮች 9ኙ እንደ ሰላማዊ እብጠት ቀስ ብለው ነበር የወሰዱት፤ ካንሰር ካልሆኑት 165ም 9ኙ እንደ ካንሰር ፈጥነው ለቀቁ።

ስሟ እንዳይጠቀስ የጠየቀች ራዲዮሎጂስት እንዲህ አለችኝ፦ «በሆዷ ትተኛለች፣ ጡቶቿ ወደ ሁለቱ ክፍተቶች ይወርዳሉ። መድኃኒቱ ሲገባ ካንሰሩ እንደ አምፖል ቦግ ይላል። ቦግ ያለ ሁሉ ግን ካንሰር አይደለም፤ የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ከመጣች ጤነኛው ጡት ራሱ ይበራብኛል። ለዚህ ነው በሁለተኛው ሳምንት ነይ የምላት። ጠርዙን አያለሁ፣ ፍጥነቱን አያለሁ፤ ሴሉን ግን አላይም። ሴሉን የሚያየው ፓቶሎጂስቱ ነው፣ እሱ ደግሞ ያለ መርፌ ምን ያያል?»

ራዲዮሎጂስቷ የነገረችኝ ሁለት ክፍተት ያለው የጡት መመርመሪያ ዕቃ (ኮይል) ያላቸው የኤምአርአይ ማሽኖች በአገራችን ስንት እንደሆኑ የጠየቅኳቸው አንድ ኃላፊ ደብዳቤ አምጪ አሉኝ። ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ አላነሱልኝም።

የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር ነው። ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው፤ የሚጎዳቸውም መርፌው ሳይሆን መዘግየቱ ነው።

የሴትየዋን ስልክ ተቀብዬ ስለነበር ደወልኩላቸው። ዕቁባቸው ያለቀበት ሪፖርት የመጨረሻ መስመሩ «ባዮፕሲ ይደረግ» ይላል። ከመጀመሪያው ትዕዛዝ አምስት ሳምንት አልፎ ነበር። እህቶቼ፣ መርፌ ከታዘዘላችሁ ኤምአርአይ እስክነሳ ብላችሁ ቀጠሮውን አታሳልፉት።