የፍሎራይድ ማጣሪያው መቼ እንደደከመ ማን ይነግረናል?

በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ ብዙ ቀበሌዎች የትምህርት ቤት ልጆች ሲስቁ የሚታየው ጥርስ ቡናማ ነው። አንዳንዱ ነጠብጣብ አለበት፤ አንዳንዱም ተቆርሷል። ወላጆቻቸውም እንዲሁ ናቸው። መንስኤው በጉድጓድ ውኃ ውስጥ የሟሟ ፍሎራይድ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ነገር ግን ጉዳቱ በጥርስ አይቆምም። ውኃውን ለረጅም ዓመታት በጠጡ ሰዎች ላይ አጥንትና መገጣጠሚያ ይደርቃል፤ አከርካሪ ይጎብጣል፤ ሞፈር ይጨብጥ የነበረ ገበሬ ጎንበስ ብሎ መነሣት ያቅተዋል። እስከ አሁን ይህን የሚመልስ መድኃኒት የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ምክንያቱ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ነው። ውኃው ካልሲየም ስለሚያንሰው ፍሎራይዱ ወደ ታች ሳይዘቅጥ ሟሙቶ ይቀራል። ማፍላት አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር ይወፍራል። ክሎሪንም ተህዋስ ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይነካም።

ፍሎራይድን ለመያዝ ከተሞከሩት ዘዴዎች ለገጠር የቀረበው የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት ከቄራ ይሰበሰባል፤ አየር በተቀነሰበት ምድጃ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ይከስላል። ከዚያም ተፈጭቶና ታጥቦ በርሜል ወይም ቆሞ በሚቀመጥ ሰፊ ቱቦ ይሞላል። ውኃው በላይ ገብቶ በከሰሉ መካከል ቀስ ብሎ ያልፍና በታች ይቀዳል። ፍሎራይድ በሰው አጥንት ላይ የሚከማችበት ጠባዩ እዚህ ይጠቅማል፤ የሰውን አጥንት ከመያዙ በፊት በበርሜሉ ያለው አጥንት ይይዘዋል።

የምድጃው ሥራ ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም። እሳቱ ካነሰ ስብ በአጥንቱ ላይ ይቀርና ውኃው ይሸታል፤ ቀለምም ያወጣል። ከበዛ ደግሞ ከሰሉ ነጭ ሆኖ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ጥሩው ከሰል ጥቁር ወይም ወደ ግራጫ ያደላ ሲሆን ሽታ የለውም። የአጥንት ነገር ሲነሣ የጾም ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ማጣሪያው ከመተከሉ በፊት ከሃይማኖት አባቶች ጋር መመካከር ይሻላል። ይህ ካልተደረገ የተተከለው ማጣሪያ የሚጠቀምበት ሰው አጥቶ ሊቆም ይችላል።

ዘዴው ለአገራችን አዲስ አይደለም። በወንጂ ሸዋ ስኳር እርሻ ለሠራተኛ መንደሮች የሚቀርበው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለበዛበት፣ ቀደም ባሉት ዓመታት የአጥንት ከሰል ማጣሪያዎች ተተክለው ነበር። በኋላም አክቲቬትድ አሉሚና በሚባል ማዕድን ተሞክሯል። እንዲህም ሆኖ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በዚያው አካባቢ ባደረጉት ጥናት አጥንታቸው የተጎዳ የቀድሞ ሠራተኞች ተገኝተዋል። በጎረቤት ኬንያም በናኩሩ ከተማ የአጥንት ከሰል ለረጅም ጊዜ ተመርቷል።

ታዲያ ዋናው ችግር ምንድን ነው? ማጣሪያው ሲደክም ምልክት አይሰጥም። ፍሎራይድ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ጣዕምም አያመጣም። ገበሬ ነገሩን ከመስኖ ጋር ቢያስተያየው ይረዳዋል። በደረቀ ማሳ ላይ ውኃ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚርሰው የቦዩ አፍ ነው፤ እርጥበቱ ቀስ እያለ ይገፋል፤ የማሳው ጫፍ ግን ተራው እስኪደርስ ደረቅ ነው። በበርሜሉም ውስጥ የላይኛው ከሰል አስቀድሞ ይሞላል፤ የሞላው ክፍል ወደ ታች ይወርዳል። ጫፉ እስኪደርስ የሚቀዳው ውኃ ንጹሕ ነው። ከደረሰ በኋላ ግን ፍሎራይዱ በየቀኑ እየጨመረ ይወጣል፤ ውኃ ቀጂዋም ልዩነቱን አታይም።

በሒሳብ እንየው። አንድ ኪሎ ከሰል 2 ግራም ፍሎራይድ ይይዛል ብንል፣ 200 ኪሎ የሞላበት ማጣሪያ 400 ግራም ይይዛል። ጉድጓዱ በሊትር 8 ሚሊግራም ካለው፣ ከዚህም 7 ያህሉ የሚያዝ ከሆነ፣ ማጣሪያው የሚያጠራው 57 ሺህ ሊትር ገደማ ነው። 40 አባወራ በቀን አንድ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዱ ከ70 ቀን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ልብስ ማጠቢያና የከብት መጠጫም ከዚያው ከተቀዳ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ በማጣሪያው ማለፍ ያለበት የሚጠጣውና ወጥ የሚሠራበት ውኃ ብቻ ነው። ለሌላው ሥራ ያልተጣራው ቧንቧ ለብቻው ይበቃል።

ፍጥነቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ውኃው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በከሰሉ ውስጥ መቆየት አለበት። ሰልፉ ረዘመ ተብሎ ቧንቧው በሰፊው ሲከፈት ከሰሉ ገና ሳይሞላ ፍሎራይዱ ያመልጣል። አቅም ያለው ቀበሌ ሁለት ማጣሪያ አከታትሎ ቢተክል ይመረጣል። ከመጀመሪያው ያመለጠውን ሁለተኛው ይይዘዋል። የመጀመሪያው ሲደክም ከሰሉ ይቀየርና ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሁለተኛው ፊት ይቀድማል። የደከመ ከሰል በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ እንደገና ሊያገለግል ይችላል። ሆኖም የእጥበቱ ፍሳሽ ፍሎራይድ የተከማቸበት ስለሆነ ወንዝ ዳር ወይም ማሳ ላይ አይደፋም፤ ሥራው ሠልጣኝ ባለሙያ ይጠይቃል።

የወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤቶች እንዲህ ያለ ማጣሪያ ሲረከቡ የሚመረቀውን ግንባታ ብቻ ሳይሆን ቀጣዩን ወጪ በበጀት ሊያዩት ይገባል። ከሰሉን ማን፣ ከየት፣ በምን ያህል ጊዜ ያቀርባል? ጥያቄው መመለስ ያለበት ቁልፉ ለውኃ ኮሚቴው ከመሰጠቱ በፊት ነው። የቦኖው ክፍያ ሲተመንም የከሰሉ ዋጋ መግባት አለበት። በመውጫው ላይ የሚገጠም የውኃ ቆጣሪ ስንት ሊትር እንደተጣራ ያሳያል፤ የቦኖ ጠባቂው በየሳምንቱ ቁጥሩን በደብተር ይመዘግባል። የታሰበው ሊትር ግማሽ ሲደርስ ናሙናው በየወሩ፣ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ደግሞ በየሳምንቱ ይለካል። ከ1.5 ሚሊግራም ካለፈ ቧንቧው ይዘጋል፤ አዲሱ ከሰል እስኪሞላም የዝናብ ውኃ ወይም ፍሎራይዱ ዝቅተኛ መሆኑ የተለካ ምንጭ ይቀዳል።